ጭንቀትና የሆድ ሕመም በአንድ ቤተሰብ ሲደጋገሙ፤ ከዘር ነው፣ ከአንጀት ነው ወይስ ከኑሮ ውጥረት?

ጥያቄ፦ የሳቢያን መምህርት (ድሬዳዋ)

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሕክምና ዕውቀት ያላችሁም ሆናችሁ ይህን ችግር በራሳችሁ ላይ ያያችሁ ሰዎች ብታስረዱኝ ብዬ የምጽፈው ስለ እኔ ብቻ ሳይሆን ስለ እናቴና ስለ ልጄም ጭምር ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ምክንያቱን ለይቼ ሳላውቀው ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ልቤ በኃይል ይመታል፣ ሌሊት ነቅቼ ያልሆነውን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ ይነጋል። ከዚሁ ጋር ሆዴ ይነፋል፤ አንዳንድ ሳምንት ይደርቅብኛል፣ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ክፍል ውስጥ ቆሜ ማስተማር እስኪያቅተኝ ድረስ ያጣድፈኛል። የፈተና ወረቀት በሚከመርበት ሰሞንና የቤት ኪራይ መክፈያው ሲቃረብ ሁለቱም አብረው ይነሡብኛል።

መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተብዬ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ወሰድኩ። በኋላም የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ የታዘዘልኝን ሁሉ በሥርዓቱ ጨረስኩ። እውነቱን ለመናገር ቃጠሎው በእጅጉ ቀነሰልኝ፤ ጭንቀቱና የአንጀቱ ነገር ግን እንዳለ ነው። በመጨረሻ የታየኝ ሐኪም ውጤቶቼን ካገላበጠ በኋላ "ሆድሽ ምንም የለበትም፣ የጭንቀት ነው" ብሎ ሸኘኝ፤ ሕመሙ ግን በእርግጥ ሆዴ ውስጥ ስለሚሰማኝ ይህ መልስ አላሳረፈኝም።

እናቴ ከድሮም ጀምሮ ነገር የምታብሰለስል ሰው ናት፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን በሌሊት ሲመታ ጎረቤቶቿን ካጣች ወዲህ ደግሞ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እንቅልፍ የላትም። ሐረር የምትኖረው አክስቴም እንዲሁ ናት፤ እሷም ሆዷን ታማለች። አሁን ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጄ በፈተና ቀን ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምራለች። ይህ በዘር የሚወርድ ነገር ከሆነ ልጄም ከዚህ አታመልጥም ማለት ነው? ጭንቀቴ ሆዴን ነው ያሳመመው ወይስ የሆዴ ሕመም ነው ያስጨነቀኝ? ከየትኛው ልጀምር? ልብ ብላችሁ ስለምትመልሱልኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር (ሐረር)

የተከበሩ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሐኪም ባልሆንም የማስተምረው ትምህርት ስለሆነ የዘሩን ነገር ልሞክረው። ብዙ ሰው "በዘር ይወርዳል" ሲባል የሚረዳው ከወላጅ ወደ ልጅ አንድ የተበላሸ ነገር ተላልፎ በጊዜው ሕመም ሆኖ ይወጣል ብሎ ነው። እንዲህ ያሉ ሕመሞች በእርግጥ አሉ፤ ጭንቀትና ድባቴ ግን ከእነሱ ወገን አይደሉም።

የሳይንስ ሰዎች ይህን የለዩት በአብዛኛው መንትዮችን በማጥናት ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ሲሆን፣ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደማንኛውም ወንድምና እህት በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች በአንድ ቤት ስለሚያድጉ፣ የመጀመሪያዎቹ ከሁለተኞቹ ይልቅ በሕመሙ የሚመሳሰሉበት መጠን የዘረመልን ድርሻ ያሳያል። በዚህ መንገድ የድባቴ የመወረስ መጠን ወደ 37 ከመቶ እንደሚደርስ ተገምቷል፤ የጭንቀት ሕመሞችም ከዚህ ብዙ የራቁ አይደሉም። ነገር ግን ይህ ቁጥር "ከእርስዎ ጭንቀት ውስጥ 37 ከመቶው የእናትዎ ነው" ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በብዙ ሰዎች መካከል ስለሚታየው ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ ከአንድ ጎተራ ያወጣውን የማሽላ ዘር ግማሹን ውኃ ገብ በሆነ መሬት፣ ግማሹን በደረቅ ተዳፋት ላይ ቢዘራው በየማሳው ውስጥ አንዱ አገዳ ከሌላው የሚበልጠው በዘሩ ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ ማሳዎች መካከል የሚታየው ሰፊ ልዩነት ግን የመሬቱና የውኃው ነው።

አንድ ወቅት "የጭንቀት ዘረመል ተገኘ" የሚል ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያጓጉዘውን ዘረመል አጭር ቅርጽ የያዙ ሰዎች መከራ ሲደርስባቸው ከሌሎች ይልቅ ለድባቴ ይጋለጣሉ የሚል ጥናት ታትሞ ብዙ ተወራለት። በ2019 ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መረጃ ሲመረመር ይህም ሆነ ሌሎቹ በስም ሲጠሩ የነበሩ ዘረመሎች እንዲሁ በዕጣ ከተመረጡ ዘረመሎች የተሻለ ግንኙነት አልታየባቸውም። በዚያው ዓመት ከ800 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ሥራ ከድባቴ ጋር የተያያዙ 102 የዘረመል ቦታዎችን ለየ፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን እጅግ ትንሽ ነው። በሌላ አነጋገር ከወላጆቻችን የምንወርሰው በጣም ብዙ ጥቃቅን ዝንባሌዎችን እንጂ አንድ ሕመም አይደለም። ስለዚህ "የጭንቀት ዘረመልዎን እንመርምርልዎ" የሚል ማስታወቂያ ቢያዩ ገንዘብዎን ለሌላ ነገር ያውሉት። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት የዘር ሐረጋቸው ከአውሮፓ በሆነ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ ውጤቱን እንዳለ እኛ ላይ መጫን አይቻልም። የአፍሪካ ሕዝብ ዘረመል ከሁሉም ይልቅ ብዝኃነት ያለው ሆኖ ሳለ ከሁሉም ያነሰ የተጠናው እሱ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አንጀታቸው ያለ ቁስልና ያለ እብጠት የሚታወክባቸውን 53,400 ሰዎች ዘረመል ሕመሙ ከሌለባቸው ጋር አነጻጽሮ ስድስት የተያያዙ ቦታዎችን አገኘ። ከእነዚህ ቦታዎች አብዛኞቹ የሚታወቁት አንጀት ውስጥ ብቻ በሚሠራ ነገር ሳይሆን ከስሜትና ከጭንቀት ሕመሞች ጋር ባላቸው ግንኙነት ወይም በነርቭ ሥርዓት ውስጥ ባላቸው ሥራ ነበር። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ይህ የሆነው ጭንቀት አንጀትን ስለሚያሳምም ወይም አንጀት ጭንቀትን ስለሚያመጣ ብቻ ሳይሆን ሁለቱ ሥር ላይ የሚጋሩት ነገር ስላለ ጭምር ነው። በእናትዎ፣ በአክስትዎና በእርስዎ ላይ ሁለቱ ተያይዘው መታየታቸው ከዚህ ግኝት ጋር ይስማማል።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ድባቴ ያለበት ሰው ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ከፍ ይላል፤ የጭንቀት ሕመሞችም በቤተሰብ ውስጥ እንዲሁ ይደጋገማሉ። ሆኖም እንዲህ ካሉ ወላጆች የተወለዱ ብዙ ልጆች ይህ ሕመም ሳይነካቸው ይኖራሉ። በተጨማሪም ቤተሰብ የሚጋራው ዘረመልን ብቻ አይደለም፤ አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ጎርፍ ይጋራል። የእናትዎ የክረምት ሌሊቶች ስጋት ወደ እርስዎ የመጣው በዘረመል ላይ በሚቀር ምልክት ነው የሚሉ አሉ፤ በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ይህን ለመናገር አያስደፍርም። ልጅ ሆነው ከእናትዎ ጋር አብረው ነቅተው ያሳለፏቸው ሌሊቶች ብቻቸውን ብዙ ነገር ያስረዳሉ።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ (ሐረር)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በየቀኑ የምሰማው ነገር ስለሆነ ልቤን ነካኝ። "የጭንቀት ነው" የተባልሽው ሕመሙ የለም ለማለት ተደርጎ ከተነገረሽ ትክክል አይደለም። ምርመራው ደህና ሆነ ማለት ቁስል፣ ዕጢና ጥገኛ ትል አልተገኘም ማለት እንጂ አንጀትሽ በሰላም እየሠራ ነው ማለት አይደለም።

ሲያስጨንቅሽ በሰውነትሽ ውስጥ የሚሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። አንጎል አደጋ ያለ ሲመስለው በመጀመሪያ በነርቮች በኩል አድሬናሊን እንዲረጭ ያዛል፤ ልብ የሚመታውና እጅ የሚያልበው በዚህ ነው። ቀጥሎ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ለፒቱታሪ ዕጢ፣ ፒቱታሪም ከኩላሊት በላይ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ሰድዶ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ወደ ደም ይገባል። ይህ ሥርዓት ለአጭር ጊዜ አደጋ እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ይኸው ሃይፖታላመስ የሚሰድደው መልእክት ጨጓራ ምግብ የሚያወርድበትን ፍጥነት ሲያዘገይ ትልቁን አንጀት ደግሞ ያጣድፈዋል። ከላይ የመነፋት፣ ከታች የመጣደፍ ስሜት በአንድ ጠዋት አብረው የሚመጡብሽ ለዚህ ነው። የኪራዩ፣ የወረቀቱና የልጆቹ ሐሳብ ተደራርቦ ሥርዓቱ ለወራት ሳያርፍ ሲቀር የአንጀት ነርቮች ራሳቸው ይነቃሉ፤ ሌላው ሰው የማይሰማውን ትንሽ አየር አንቺ እንደ ሕመም ትሰሚዋለሽ።

መንገዱ ደግሞ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ አይደለም። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አንጀትን ከአንጎል ጋር ከሚያገናኙት ትልልቅ መስመሮች አንዱ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ሲሆን፣ በውስጡ ካሉት የነርቭ ክሮች ወደ 80 ከመቶ የሚጠጉት ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል ወሬ የሚወስዱ ናቸው። ስለዚህ "ጭንቀቴ ሆዴን ነው ወይስ ሆዴ ጭንቀቴን" ብለሽ የጠየቅሽው በሁለቱም በኩል እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ እያንዳንዱ ሲታከም ሌላውም ፋታ ያገኛል።

በአንጀታችን ውስጥ ስለሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ብዙ ሲወራ ሰምተሽ ይሆናል። ቁጥራቸው በአንድ ጎልማሳ ሰው ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች ምንም ዓይነት ተሕዋስ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦች ሲጨነቁ የውጥረት ሆርሞናቸው ከሌሎቹ አይጦች በላይ እንደሚያሻቅብ፣ ገና በለጋነታቸው አንድ ዓይነት ጠቃሚ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ግን ሁኔታው እንደሚስተካከል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ ብዙ ነው። ተሕዋስያኑ እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህልና የአትክልት አሰር እየበሉ ለአንጀት ግድግዳ ምግብ የሚሆኑና የሰውነት መቆጣትን የሚያበርዱ አሲዶችን ያመርታሉ። ሆኖም በአይጥ ላይ የታየው ሁሉ በሰው ላይ አይደገምም፤ የአንድን ሰው ሰገራ መርምሮ "ጭንቀትህ ከዚህ ባክቴሪያ ነው" ማለት የሚያስችል ደረጃ ላይ አልተደረሰም።

በማኅበራዊ ሚዲያ በተደጋጋሚ የማየውን አንድ ነገር ላስተካክል። "ዘጠና ከመቶው የደስታ ሆርሞን የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሆድህን ካከምክ ደስተኛ ትሆናለህ" ይባላል። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን ውስጥ ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው በአንጀት መመረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ሴሮቶኒን ደምን ከአንጎል የሚለየውን አጥር አያልፍም። አንጎል የራሱን ያመርታል። የአንጀቱ ሴሮቶኒን ሥራው አንጀትን ማንቀሳቀስና በዚያ ያሉ የነርቭ ጫፎችን መቀስቀስ ነው። ይህን የማነሣው ለክርክር አይደለም፤ ለድባቴና ለጭንቀት የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች በሴሮቶኒን ላይ ስለሚሠሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማቅለሽለሽና የሆድ መታወክ ሊያመጡ ይችላሉ፤ በአእምሮ ላይ ያላቸው ጥቅም ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ታካሚዎቻችን ጥቅሙ ሳይደርስ "ሆዴን አባሰብኝ" ብለው የሚያቋርጡት በዚህ ክፍተት ነው፤ አስቀድሞ ቢነገራቸው ኖሮ አብዛኞቹ ይታገሡት ነበር።

ስለዚህ ከየት ልጀምር ላልሽው፣ እኔ ብሆን የምጀምረው ሁለቱንም በአንድ ላይ በመያዝ ነው። ታይሮይድና የደም ማነስ ተመርምረሽ ካልሆነ ይመርመሩ፤ ከመጠን በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ አንጀት ያጣድፋል፣ ሰውም ጭንቀት ነው ብሎ ለዓመታት ይቀመጣል። ሰገራሽ ደም ካለበት ወይም እንደ ጥላሸት ከጠቆረ፣ ሳታስቢው ክብደትሽ ከቀነሰ፣ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍሽ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ጭንቀት ነው በሚል አትተይው። ከዚያ ውጪ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣሉ። እዚያ መሄድ "አብጃለሁ" ማለት አይደለም። በንግግር የሚሰጠው ሕክምና ሐሳቡ እንዴት ሰውነትን እንደሚቀሰቅስ፣ ከሚያስፈራን ነገር መሸሽ ደግሞ ፍርሃቱን እንዴት እንደሚያሳድገው ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። ለጭንቀትም ሆነ ያለ ቁስል ለሚታወክ አንጀት እንደሚጠቅም በሚገባ ተጠንቷል። ሕይወትሽን ለማጥፋት የሚገፋፋ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

መልስ፦ የከዚራ ነዋሪ (ድሬዳዋ)

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ትምህርት ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን ድሬዳዋና ሐረር ላይ ተቀምጠን ስለ ጭንቀትና ስለ ሆድ ስናወራ ጫትን ሳናነሣ ማለፋችን ትክክል መስሎ አልታየኝም። ጠያቂዋ ትቃም አትቃም አላውቅም፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ይኖራል።

ትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል፣ ሥራው አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥ ነው ከአወዳይ የሚነሣው መኪና እንዲያ የሚከንፈው። ምርቃና የምንለው ካቲኖኑ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉት የነርቭ መልእክተኞች በብዛት እንዲለቀቁ በማድረጉ የሚመጣ ነው፤ ነርሷ የገለጹት ያ የአደጋ ጊዜ ሥርዓት ያለ አደጋ ተነሣ ማለት ነው። ማታ ሲወርድ የሚከተለውን ዱካክ የቃመ ሁሉ ያውቀዋል፦ ሆድ ባዶ፣ ምግብ አያስገባ፣ እንቅልፍ እምቢ፣ ትንሹ ነገር ተራራ አክሎ ይታያል። በማግስቱ ደግሞ አንጀት ይደርቃል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን አንዱ ምክንያት ነው። ያንን ለማርገብ ብዙ ስኳር ያለበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ ሲያመሽም ጨብሲ (ከጫት በኋላ የሚጠጣ አልኮል) ይጨመራል። ጭንቀት በቤተሰቡ ያለበት ሰው ይህን በየቀኑ ሲደጋግመው ሐኪም ቤት ሄዶ "ጨጓራዬን" ይላል፤ ስለ መቃሙ ግን ሳይጠየቅም ሳይናገርም ይመለሳል። እኔ ከተውኩት ዓመታት አልፈዋል፤ በመጀመሪያ የተመለሰልኝ እንቅልፌ ነበር፣ ሆዴ ከዚያ በኋላ ተከተለ። በአንድ ጊዜ የሚያቋርጥ ሰው ለተወሰነ ጊዜ የድካምና የድብርት ስሜት ሊያገኘው ስለሚችል፣ ያንን "ጫት ባለመቃሜ ታመምኩ" ብሎ እንዳይተረጉመው አደራ እላለሁ።

ቡናም እንዲሁ ይታሰብበት። ካፌይን በደም ውስጥ ግማሹ ብቻ ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ በአሥራ አንድ ሰዓት የተጠጣ አቦል እኩለ ሌሊት ሊቃረብ ሲል እንኳ ግማሹ አብሮን አለ። አንዳንድ ሰው በዘረመሉ ምክንያት ከሌላው ይልቅ በካፌይን ይጨነቃል። በሐረር ቤቶች የሚፈላው ቁጢም የቡና ቅጠል ስለሆነ ካፌይን አያጣም።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ የሳቢያን መምህርት (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሕመሜ የሌለ ነገር እንዳልሆነ ተብራርቶ ሳነበው ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። ጫት አልቅምም፤ ቡና ግን ከሥራ እንደተመለስኩ ከጎረቤቶቼ ጋር እስከ በረካ ድረስ እጠጣለሁ፤ ይህን ወደ ጠዋት ማዞር እችላለሁ፣ ከጎረቤቶቼም መለየት ሳያስፈልገኝ። የታይሮይድ ምርመራ ተደርጎልኝ አያውቅም።

ሦስት ነገር ልጨምር። ፋርማሲ ውስጥ "ጠቃሚ ባክቴሪያ" ተብሎ በእንክብል የሚሸጥ አለ፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ይጠቅመኛል? እንጀራችን ራሱ በእርሾ የሚቦካ ስለሆነ ይበቃናል የሚሉም አሉ፤ አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ጥሬ የግመል ወተት መክራኛለች። ሌላው የመድኃኒቱ ነገር ነው፤ አንዴ ከተጀመረ አይለቅም ይባላል። እንዲሁም የልጄን ጠዋት እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ (ሐረር)

ስለ እንክብሉ፣ በጭንቀትና በድባቴ ላይ የተሞከሩት ባክቴሪያዎች ዓይነታቸው የተለያየ፣ ጥናቶቹም በአብዛኛው ትንንሽ ናቸው፤ ጥቅም ታየ በተባለበትም ቦታ መጠኑ መጠነኛ ነው። ለኪራይ የምትጨነቂበትን ገንዘብ ለዚህ እንድታወጪ አልመክርሽም። የእንጀራው ቡኮ በሕይወት ባሉ ተሕዋስያን የተሞላ ነው፤ ግን የጋለው ምጣድ ላይ ሲወድቅ እነሱ ይሞታሉ። የእንጀራ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ጤፉና ማሽላው ከነገለባው የሚፈጭ ስለሆነ አንጀት ውስጥ ላሉት ተሕዋስያን ምግብ ይሆናል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን፣ ከገበያችን የማይጠፉት ፓፓያና ዘይቱንም እንዲሁ። በአንዴ ብዙ አሰር ከጨመርሽ መነፋቱ ይብስብሻል፤ ቀስ በቀስ ጨምሪ፣ በድሬ ሙቀት ውኃውንም አትርሺ። እርጎ የሚስማማሽ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥሬ ወተት ግን፣ የግመልም ሆነ የላም፣ ብሩሴሎሲስ ስለሚያስተላልፍ ሳይፈላ አትጠጪ፤ ይህን ሕመም በተደጋጋሚ እናየዋለን፣ ለወራት ያንገላታል።

ምግብ በስሜት ላይ ያለውን ድርሻ በሚመለከት አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ልጥቀስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ይህ ጥናት ድባቴ ያለባቸውን 67 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ የአመጋገብ ምክር፣ ለግማሾቹ ደግሞ አብሮ የሚቀመጥና የሚያጫውት ሰው ሰጣቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ ምግባቸውን ወደ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና ያልተፈተገ እህል ካዞሩት ውስጥ 32 ከመቶው ከሕመሙ ሲወጡ ከሌሎቹ ግን 8 ከመቶው ብቻ ነበሩ። የተሳታፊው ቁጥር ትንሽ ነው፣ ታካሚዎቹም ምን እንደተደረገላቸው ያውቁ ስለነበር እንደ ፍጹም ማስረጃ አልቆጥረውም፤ ብዙዎቹም መደበኛ ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ነው ምግባቸውን የለወጡት።

"አይለቅም" የሚባለው በአብዛኛው እንደ ዲያዜፓም ላሉት የሚያረጋጉ መድኃኒቶች እውነት ነው፤ እነሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልማድ ስለሚሆኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትጀምሪ። ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቹ ግን ሱስ አያስይዙም፤ በድንገት ማቋረጥ ስለማይገባ ሲበቃሽ ከሐኪሙ ጋር ቀስ እያላችሁ ትቀንሱታላችሁ። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ካዘዘልሽ ደግሞ አንጀት እንደሚያደርቅ አውቀሽ፣ አንቺ ላይ የሚበረታው ድርቀቱ ነው ወይስ ማጣደፉ የሚለውን በግልጽ ንገሪው፤ ምርጫው በዚያ ሊወሰን ይችላል። በጾም ወቅት የመድኃኒት ሰዓት ማዞር የሚቻል ስለሆነ ያንንም ጠይቂ።

ድንገት ልብሽ መምታት ሲጀምር የምታደርጊው ቀላል ነገር አለ። ተቀምጠሽ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊና ሆድሽ እጅሽን ከፍ እስኪያደርገው በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አየር ወደ ውስጥ ሳቢ፤ አየሩን ስታወጪ ካስገባሽበት ረዘም አድርጊው፣ በደቂቃ ስድስት ያህል እስኪሆን ድረስ። ትንፋሹ ሲወጣ ቬገስ ነርቭ የልብን ምት ያዘገያል። ጭንቀቱ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ደህና በሆንሽበት ሰዓትም ልመጂው፤ ያለዚያ በጭንቁ ሰዓት አይገኝም።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር (ሐረር)

የልጅዎን ነገር ለነርሷ ብተወው ይሻል ነበር፤ ሆኖም እንደ መምህር በየዓመቱ የማየው ስለሆነ ትንሽ ልበል። በፈተና ጠዋት ሆዷን የሚያማት ልጅ እየዋሸች አይደለም፤ ከላይ የተገለጸው ሁሉ በእሷም ትንሽ ሰውነት ውስጥ እየሆነ ነው። አንድ ጊዜ ሐኪም ይያት፣ ደህና ከሆነች በኋላ ግን በሆድ ሕመሙ ምክንያት ከፈተና አያስቀሯት። ቤት መቅረት ለዚያ ቀን ያሳርፋታል፣ ለሚቀጥለው ፈተና ግን ፍርሃቱን ያሳድግባታል። "ምንም አልሆንሽም" ከማለት ይልቅ "እንደሚያምሽ አውቃለሁ፣ ፈተናው ሲጀመር እየቀለለሽ ይሄዳል" ማለቱ ይሻላል። ቁርስ ትንሽም ቢሆን ትቅመስ፣ በተለመደው ሰዓት ትተኛ፣ ክፍል ኃላፊዋም ሁኔታውን ይወቅ። ስለ ውጤቷ በቤት ውስጥ የሚነገረውንም ልብ ይበሉ፤ ልጆች ፈተና ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ የሚለኩት በወላጆቻቸው ፊት ላይ በሚያዩት ነገር ነው።

እናትዎም ቢሆኑ በዕድሜያቸው ምክንያት አይተዉ። ከአደጋ በኋላ ለዓመታት የሚዘልቅ ሰቀቀንና የእንቅልፍ ማጣት የሚታከም ነገር ነው፤ ለራስዎ ቀጠሮ ሲይዙ ለሳቸውም አብረው ይያዙላቸው፣ ዝናቡ ሳይጀምር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።